የሰው አገር ወጥ በላስታ ምድጃ

ላሊበላ የተወለደ ልጅ የሩቅ አገር ሰው ሲበላ እያየ ያድጋል። እኔም እንደዚያው አደግሁና ኋላ ማድቤት ገብቼ አብሳይ ሆንኩ። በእንግዳ ማረፊያ ማድቤት የምትሠራ ሴት የከተማውን ውሎ ከማንም ቀድማ ታውቃለች። አውሮፕላኑ ሞልቶ ይምጣ ባዶውን፣ ጾም ይግባ ይፈታ፣ ሁሉም በሚታዘዘው ሰሃን ይታወቃል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ሰው አገር ምግብ ነው፤ ስለ ስኮትላንድ፣ ስለ ቼክና ስለ ስሎቫክ ገበታ። የማየው ግን ከምድጃው በኩል ሆኜ ነው፤ ምድጃዬም የላስታ ነው።

ሆቴል የሚባል ነገር ሳይኖር ወደ ላሊበላ የሚመጣው እንግዳ ተሳላሚው ነበር። ዛሬም በቁጥር የሚበልጠው እሱ ነው። ለገና ቀናት በእግሩ ተጉዞ፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በከረጢት ቋጥሮ ይገባል፤ የአገሬው ሰው እግሩን ያጥባል፣ ከቤቱ ያለውን ያቀርባል። ያ መስተንግዶ ሜኑ የለውም፣ ሒሳብም የለውም። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩ ወዲህ ግን ሌላኛው እንግዳ እየበዛ መጣ፤ ከፍሎ የሚበላው፣ የአገሩ ምግብ የሚናፍቀው። ሰባት ወይራና ሮሃን የመሳሰሉት ቀደምት ሆቴሎች ያስተናገዱት እሱን ነው። እኔ በደረስኩበት ዘመን ለፈረንጅ የሚቀርበው በየሆቴሉ ያው ነበር፦ የአትክልት ሾርባ፣ ፓስታ በቲማቲም ስጎ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሙዝ። እንግዳው ይበላዋል፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የሚያወራው ስለ ቤተ ጊዮርጊስ እንጂ ስለ ምሳው አልነበረም።

ከዚያ ቤን አበባ ተከፈተ። ከከተማው ዳር፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረ ምግብ ቤት ነው። የመሠረቱት ጡረታ የወጡ አንዲት የስኮትላንድ የቤት አያያዝና የምግብ ዝግጅት መምህርትና ኢትዮጵያዊ የሥራ ባልደረባቸው ናቸው። ሕንፃውን ያላየ ሰው በቃል ለመሣል ይቸገራል። መወጣጫው እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ በየደረጃው ጣሪያ አልባ መቀመጫ አለ፣ ዙሪያው ሁሉ ሸለቆና ተራራ ነው። ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ይመጣና ለእራት ይቆያል። እኔን የሳበኝ ግን ዕይታው አልነበረም። ሜኑው ላይ ከእኛው ምግብ ጎን ሼፐርድስ ፓይ ተጽፎ ማየቴ ነው።

ሼፐርድስ ፓይ የእንግሊዝና የስኮትላንድ የቤት ምግብ ነው። የበግ ሥጋ ተፈጭቶ ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር ይቁላላል፣ በትንሽ መረቅ ይበስላል፣ በመጥበሻው ይዘረጋል፤ ከላይ የተፈጨ የተቀቀለ ድንች ይደፋበትና ላዩ እስኪቀላ ምድጃ ይገባል። ቅመሙ ጥቂት ነው። ጣዕሙን የሚያመጣው በጉና ድንቹ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ጥሩ ካልሆኑ ምንም አይደብቃቸውም።

እኔ እንደማየው ይህ ምግብ ላስታ ላይ እንግዳ የማይሆንበት ምክንያት አለ። ደጋው የበግ አገር ነው። የቅዳሜን ገበያ የሚያውቅ ሰው ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ የሚወርደውን በግ ያውቃል፤ ብርድ ያጠነከረው፣ ሣር ብቻ በልቶ ያደገ ነው። ድንቹ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል። ትግራይ ውስጥ ኖሮ በ1878 ዐድዋ የሞተ ሰው ነው። በየደጋው የምንለቅመው፣ ሻይ የምናፈላበት ጦስኝም በሳይንስ ስሙ የሚጠራው በእሱ ነው። ታዲያ የስኮትላንዱ ምግብ ላሊበላ ላይ ሲሠራ በጉ የላስታ፣ ድንቹ የላስታ፣ የአብሳዩም እጅ የላስታ ነው። ከስኮትላንድ የመጣው አሠራሩ ነው። አሠራር ደግሞ በሻንጣ የማይከብድ፣ ለሰው ሲሰጡትም የማያልቅ ነገር ነው። የሰው አገር ምግብ ቤት ጥሩ የሚሆነው እንደዚህ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሠራሩን ከሩቅ፣ ዕቃውን ከደጅ ሲያመጣ። ከቆርቆሮ እየተከፈተ የሚቀርበው የአውሮፓ ምግብ ላሊበላ ላይ ተበልቶ ለማንም ሲጥም አላየሁም።

ይህን ነገር ከወዲያኛው ጫፍ ያየሁት እህቴን ላርስ ለንደን በሄድኩ ጊዜ ነው። የእህቴ ባል የሥራ ጓደኛ ስሎቫክ ነበር። እኔ አብሳይ መሆኔን ሲሰማ «የእኛን ምግብ ሳትቀምሺ አትሄጂም» ብሎ ይዞን ሄደ። የወሰደን ዌስት ሃምፕስቴድ ወደሚገኘው የቼኮስሎቫኪያ ብሔራዊ ቤት ነው። ቤቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በስደተኞች የተቋቋመ ክበብ ነበር። አገራቸው በጀርመን ስለተያዘች፣ በጦርነቱ ጊዜ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያህል የቼኮስሎቫኪያ ሰዎች በእንግሊዝ አየር ኃይል ገብተው አገልግለዋል። ከጦርነቱ በኋላ አገራቸው ቢመለሱም በ1948 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ብዙዎቹ እንደገና ተሰደዱ። ስደተኛ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚጸልይበትና የሚበላበት ቦታ ነው። የምግብ ቤቱ መነሻ ይኸው ነው።

እዚያ ተቀምጬ ስለ እኛው ስደት ሳስብ ነበር። አማርኛ አንባቢ የቼክን ስም የሚያውቀው በአብዛኛው በአዶልፍ ፓርለሳክ በኩል ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ ካሣ ጦር ጋር የነበረው ቼክ፣ ተጫነ ጆብሬ መኮንን «የሀበሻ ጀብዱ» ብለው የተረጎሙለት መጽሐፍ ባለቤት ማለቴ ነው። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሲያፈገፍጉ ወደ ላሊበላ ገብተው ጸልየው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው በእንግሊዟ ባዝ ከተማ የስደት ኑሯቸውን የኖሩት። የጣሊያን ወረራ በጄኔቫ በተነሣበት በ1935 የመንግሥታት ማኅበርን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመሩት ደግሞ ቼኩ ኤድቫርድ ቤኔሽ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሳቸውም አገራቸው ተወስዳባቸው እንግሊዝ አገር ስደተኛ ሆኑ። የሁለቱ አገር ስደተኞች አንድ ደሴት ላይ፣ የየራሳቸውን ወጥ እየናፈቁ ኖረዋል።

ወደ ገበታው ልመለስ። ሜኑውን ሲያነብልኝ ግማሹ አሳማ ሆነ። የቼኮች ዋና ምግብ የሚባለው የተጠበሰ አሳማ ከኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ጋር ነው፤ ለእኛ አይሆንም። ጓደኛችን ቅር አላለውም፤ የበሬውን ስቪችኮቫ አዘዘልን። ይህ ምግብ ትዕግሥት ይጠይቃል። የበሬ ሥጋ ከካሮት፣ ከሴለሪ ሥርና ከሽንኩርት ጋር፣ በቤይ ሊፍ፣ በጦስኝና በቁንዶ በርበሬ ተዘፍዝፎ ያድራል። በማግስቱ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ሥጋው ይወጣና ሥራ ሥሩ ከነመረቁ ተፈጭቶ፣ ክሬም ገብቶበት ወፍራም ሶስ ይሆናል። ሲቀርብ የሎሚ ቁራጭና የቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ማርመላታ ከላዩ ይቀመጥበታል። ጣዕሙ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ወጥ ሆኖ ይጣፍጣል፣ ይጎመዝዛልም። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን ምላስ ይለምደዋል።

ከሶሱ ይልቅ እኔን የያዘኝ አብሮት የሚመጣው ክኔድሊክ ነው። የስንዴ ዱቄት በእርሾ፣ በወተትና በዕንቁላል ይቦካል። የደረቀ ዳቦ በትናንሹ ተቆርጦ ሊጡ ውስጥ ይገባል፤ ሊጡ እንደ ክንድ ተድቦልቡሎ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል ወይም በእንፋሎት ይበስላል። ሲወጣ በቢላ አይቆረጥም፣ ቢላ ይጨፈልቀዋል፤ ክር ከሥሩ ተሻግሮ፣ ከላይ ተቆላልፎ ይሳባል። አንዱን ቁራሽ አንስቼ ስቀደው እጄ አወቀው፦ በእንፋሎት የበሰለ ህብስት ነው። ሽፋን የሌለው፣ ነጭ፣ ውስጡ ስፖንጅ የሆነ፣ ወጥ ለመምጠጥ የተፈጠረ። እናቴ በኮባ ጠቅልላ የምትሠራውን እያሰብኩ ሶሱን እስከ መጨረሻው በእሱ ጠረግሁት። ጓደኛችን ሹካ ሳላነሳ ስበላ አይቶ እሱም ሹካውን አስቀመጠ።

እሱ የበላው የራሱን፣ የስሎቫኮቹን ሃሉሽኪ ነው። ጥሬ ድንች ተፈግፍጎ ከዱቄት ጋር ይለወስና በቀዳዳ ብረት በኩል የሚፈላ ውሃ ውስጥ ይንጠባጠባል። የበሰለው በብሪንዛ ይለወሳል። ብሪንዛ ከበግ ወተት የሚሠራ ለስላሳ ጨዋማ አይብ ነው፤ የተራራ እረኞች ምግብ። ከ2008 ጀምሮ የስሎቫኪያ ብሪንዛ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ስም ሆኗል። ስሙን ሌላ አገር ለሚሠራ አይብ መለጠፍ አይቻልም። ይህን ሲነግረኝ የላስታ ነጭ ማር ታወሰኝ። በየከተማው «የላስታ ማር» እየተባለ የሚሸጠው ምን ያህሉ ከላስታ ንብ እንደሆነ ማን ያረጋግጣል? የድሃ እረኛ አይብ በሕግ ሲጠበቅ፣ የእኛ ንብ አናቢ ስሙን ለማንም ነጋዴ ጥሎ መኖሩ ያስቆጨኛል። አገራችን ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋ ጨፌ ቡና ስም ማስከበር ችላለች፤ ለማሩም ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ከምግቡ በላይ አስገረመኝ። ቼኮስሎቫኪያ የምትባል አገር ዛሬ የለችም። እ.ኤ.አ. በ1993 መግቢያ ላይ ቼክና ስሎቫኪያ ተብላ ለሁለት ተከፍላለች። ምግብ ቤቱ ግን እኔ በሄድኩ ጊዜ የቀድሞውን ስም እንደያዘ፣ የፕራጉን ስቪችኮቫና የተራራውን ሃሉሽኪ በአንድ ሜኑ ያቀርብ ነበር። እኛም ይህን እናውቀዋለን። ኤርትራ ነፃ አገር የሆነችው በዚያው በ1993 ነው፤ ሆኖም በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች «የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ስንት ቤት አለ። ድንበር ሲሠመር ማድቤት ለብቻው የሚከፈልበት መንገድ የለም፤ ሽሮው ያው ሽሮ ነው፣ ቅመሙን የሚያጣጥመውም ያው ምላስ።

ስደተኛ ምግብ ቤት ሲከፍት የሚገጥመው የመጀመሪያው ችግር ዕቃ ማጣት ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ከቀደምቶቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አንዱ የሆነው ማማ ደስታ በ1978 ሲከፈት ጤፍ እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም። አይዳሆ በተባለው ግዛት ጤፍ በስፋት መዘራት እስኪጀምር ድረስ አሜሪካ የነበሩ እናቶች እንጀራውን ከስንዴና ከሌላ ዱቄት እያቀላቀሉ ጋገሩ። ያንን እንጀራ የሚንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ። በእጅ ባለው ዱቄት ዓይን ያለው እንጀራ ማውጣት ትልቅ ሙያ ነው፤ የአገራቸውን ገበታ ያቆዩት እነዚያ እናቶች ናቸው።

ላሊበላ ላይ የቼክ ወይም የስሎቫክ ምግብ ቤት የለም። እንግዶቹ ግን ይመጣሉ። አንድ ገና ላይ ከስሎቫኪያ የመጡ ባልና ሚስት እኔ በምሠራበት ቤት አርፈው ነበር። በእነሱ አቆጣጠር የገናቸው ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 24፣ በእኛ ታኅሣሥ 15 ላይ ይውላል። እኛ የነቢያትን ጾም ከኅዳር 15 ጀምረን መሃሉ ላይ ነን። ሴትየዋ ማድቤት በር ላይ መጥታ ማርና ነጭ ሽንኩርት ለመነችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት አስረዳችኝ፦ በእነሱ ባህል የዋዜማው ቀን ጾም ነው፤ ኮከብ ከወጣ በኋላ ቤተሰቡ ይሰበሰብና ስስ ቂጣ በማርና በነጭ ሽንኩርት ይበላል። እናት ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ በየልጆቿ ግንባር ላይ መስቀል ትሠራለች። ከዚያ የጥቅል ጎመን ሾርባ፣ ዓሣና የድንች ሰላጣ ይቀርባል። ቼኮቹም በዚያ ሌሊት ዓሣ ነው የሚበሉት።

ይህን ስሰማ አላመነታሁም። ማሩን ከደጋው ከመጣው ነጩ ሰጠኋት። ቂጣውን ከስንዴ ዱቄት፣ በውሃና በጨው ብቻ፣ ስስ አድርጌ በምጣድ ጋገርኩት። ሾርባውን ከጥቅል ጎመን፣ ከድንችና ከነጭ ሽንኩርት ሠራሁ፤ ለኩምጣጤው ሎሚ ጨመቅሁበት። ያን ሌሊት እኔም ከእነሱ ጋር በላሁ፤ ገበታው ላይ ጾሜን የሚያስገድፍ አንድም ነገር አልነበረም። ሴትየዋ ማር ባለው ጣቷ ግንባሬን አማተበችኝ። ታኅሣሥ 29 ደግሞ እኔ ይዣቸው ወጣሁ። ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ የገናውን ዝማሬ ቤዛ ኩሉን ሲያሰሙ ከታች ቆመው አዩ፤ ስንመለስ ዶሮ ወጡ ይጠብቀን ነበር።

ወደ ላሊበላ የሚመጣ አብሳይም ሆነ ሆቴል የሚከፍት ሰው ጾምን ካላወቀ ሥራው አይሰምርም። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ይጾማል፤ ካህናቱና መነኮሳቱ የሚጾሙት ከዚያም ይበልጣል። ጾም ሲገባ ሥጋና ወተት ከገበያው ይሳሳል፣ አብሳይዋም የምታበስለውን አትቀምስም። ሼፐርድስ ፓይ በዐቢይ ጾም ለፈረንጅ የምትሠራ ልጅ ጨውን በአፍንጫዋና በእጇ ልኬት ነው የምታውቀው። ይህን ችሎታ የሆቴል ትምህርት ቤት አያስተምርም። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ፓስታ በመላው ኢትዮጵያ የሰረጸው ጾም ላይ ስለሠራ ይመስለኛል፤ ስጎው በዘይትና በቲማቲም ብቻ ሲሠራ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ዛሬ ፓስታን የሰው አገር ምግብ የሚለው ማነው?

ከፍታውም የራሱ ሕግ አለው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ስለዚህ የአውሮፓ መጽሐፍ «ሃያ ደቂቃ ቀቅል» ያለውን ድንች በሃያ ደቂቃ ያወጣ ሰው ለፓዩ የሚሆን አይፈጭለትም፣ ይጓጉላል። ሊጥ ደግሞ በተቃራኒው ቶሎ ይነሳል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አረፋው ቶሎ ያብጣል፣ ካልጠበቁት ወድቆ ይጠብቃል። ከቆላ የመጣ አብሳይ ለመልመድ ጥቂት ቀን ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ የስኮትላንዱን ፓይ ማግኘቱ ደስ ይለኛል፤ የላስታን የገብስ እንጀራ ሳይቀምስ መሄዱ ግን ያሳዝነኛል። በየሆቴሉ ሜኑ ላይ የገብስ ቂጣ፣ በሶ፣ የባቄላ ሥልጆ፣ በጦስኝ የፈላ ሻይ የት አለ? የደጋው ገበሬ የሚኖርበት ምግብ ለእንግዳ አይመጥንም ተብሎ የታፈረበት ይመስላል። ጠላውን ለቼክ እንግዶች ሳስቀምጥ ወዲያው ነው የሚገባቸው። የፒልዘን ቢራን እ.ኤ.አ. በ1842 የጠመቀ፣ የገብስ ብቅልን የሚያውቅ ሕዝብ ነውና፣ እነሱ በሆፕ የሚያመጡትን ምሬት እኛ በጌሾ እንደምናመጣው ሲሰሙ ጥያቄያቸው አያልቅም። በመቄትና በአቡነ ዮሴፍ አካባቢ ተስፋ በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥር የእግር ጉዞ እንግዶችን የሚያስተናግዱት ገበሬዎች ይህን ቀድመውን ተረድተዋል። እንግዳው በጎጇቸው አድሮ የእነሱን ዳቦና ጠላ ይቀምሳል፤ ገቢውም እዚያው መንደር ይቀራል።

እነዚህ ማድቤቶች ያለፉበትን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና በረራውን አቆመ። በነሐሴ 2021 የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ገባ፣ መብራቱም ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት እንግዳውን መልሶ አራቀው። ሼፐርድስ ፓይ፣ ፒዛና የጾም ላዛኛ አሳምረው የሚሠሩ ልጆች ማገዶ ሸጡ፣ ጠላ ጠመቁ፣ ብዙዎቹም ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ሆቴል ሲዘጋ ሕንፃው ይጠብቃል፤ የአብሳይ እጅ ግን ካልሠራ ይረሳል። ለቅርሱ ጥገና የሚደረገው ጥረት ተገቢ ነው፤ ለእነዚህ ልጆችም ሙያቸውን የሚያቆዩበት ሥልጠናና ሥራ ይገባቸዋል። ቱሪስት ሲመለስ ወጥ የሚያወጡለት እነሱ ናቸው።

እኔ ሥራ በቀዘቀዘባቸው ወራት ቤቴ ውስጥ የስቪችኮቫን የጾም ዓይነት ስሞክር ቆይቻለሁ፤ ለሚፈልግ አሠራሩን ልንገር። ካሮት፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ያልሆነ ማንኛውም ሥራ ሥር በዘይት እስኪለሰልስ ይቁላላ። ጥቂት ጦስኝ፣ አንድ ሁለት ቤይ ሊፍና ቁንዶ በርበሬ ይግባበት፤ ውሃ ተጨምሮ ይብሰልና ቅጠሉ ወጥቶ ይፈጭ። በክሬሙ ቦታ ሱፍ እንጠቀማለን፦ ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ታሽቶ ሲጠለል የሚወጣው ነጭ ውሃ ሶሱን ያወፍረዋል፣ ልስላሴም ይሰጠዋል። ሎሚና ትንሽ ማር ጣዕሙን ያስተካክላሉ፤ በጾም ማር የማይበሉ ሰዎች ስኳር ያድርጉበት። ለላዩ ቀጋ ከተገኘ ፍሬው ተፈልፍሎ፣ ከውስጡ ያለው ፀጉር በደንብ ታጥቦ፣ በስኳር ይቀቀል። ቼኮችም ከቀጋ ዘመድ ፍሬ የሚሠሩት ሺፕኮቫ የሚባል የራሱ ሶስ አላቸው፤ የእኛ እረኞች ጥሬውን የሚበሉት ፍሬ በእነሱ ዘንድ የእሑድ ምሳ ነው።

ክኔድሊኩን ያለ ወተትና ዕንቁላል፣ በውሃና በእርሾ ብቻ ማቡካት ይቻላል። የደረቀ ዳቦ ቁርጥራጩ አይቅርበት፤ ሊጡን የሚያቆመው እሱ ነው። በደጋ ከሆናችሁ ከመቀቀል በእንፋሎት ማብሰሉ ይሻላል፣ ኮባ ቢገኝ ደግሞ ይበልጥ ያምራል፤ የአውሮፓ መጽሐፍ ካለው ጊዜ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ጨምሩበት። እንደወጣ በሹካ ውጉት፣ እንፋሎቱ ካልወጣ ይጠነክራል፤ ከዚያ በክር ቁረጡት። የተረፈው በማግስቱ በመጥበሻ ላይ በትንሽ ዘይት ይጠበሳል። ፍስክ ከሆነ ዕንቁላል ይሰበርበታል፤ ቼኮችም የተረፋቸውን እንዲሁ አድርገው ነው የሚበሉት።